ሰኔ ከመድረሱ በፊት ይክሰሱ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ውስጥ በጥልፍ ሥራ የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ካቻምና በሰኔ አጋማሽ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሱቄን ዘግቼ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ ኃይለኛ ዝናብ ይጥል ነበር። የእግረኛው መንገድ በጎርፍ ተሸፍኖ ስለነበር ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ብረት ገባልኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ስለሆነ ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥሁ።

ወረዳው «ይህ የመንገድ ሥራ ነው» ብሎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ላከኝ። እዚያ ደግሞ «ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ነው» አሉኝ። ተቋራጩ «ጉድጓዱ የፍሳሽ ነው፤ እኛ አልከፈትነውም» አለ። የተቋራጩ ፎርማን ግን 20,000 ብር ሰጥቶኝ አንድ ወረቀት አስፈርሞኛል። ባለቤቴ የምንኖረው በቀበሌ ቤት ስለሆነ «ነገር አትፈልጊ፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ከተማውን 5 ሚሊዮን ብር ጠይቂ ይላል። ብረቱን የማስወጣበት ቀጠሮ ደርሷል፤ የካሳው ነገር እስኪለይ ብዬ አቆይቼዋለሁ። ለመሆኑ ከተማ ይከሰሳል? ማንን ልክሰስ?

መልስ

እህቴ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያ ያውጡ። የወደቁት ካቻምና በሰኔ አጋማሽ ነው፤ አሁን ጥር ነው። አንድ ዓመት ከሰባት ወር አለፈ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ መሆኑን ይደነግጋል። የቀረዎት አምስት ወር ነው። ይህ ገደብ ይርጋ ይባላል፤ ከጉድጓዱ ቀጥሎ የተደቀነብዎ ትልቁ አደጋ እርሱ ነው።

ከወረዳ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ተቋራጭ ሲመላለሱ ጉዳይዎ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መስሎዎታል። በሕግ ዓይን ግን ቆሞ ነው የከረመው። ለቢሮ የጻፉት ማመልከቻ፣ የተመታበት ማኅተም፣ «እናየዋለን» የሚል ቃል ይርጋውን አያቋርጡም። የሚያቋርጠው ክስ ለፍርድ ቤት መቅረቡ ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ነው። ካሳ ለመክሰስ የሁሉንም ቢሮ በር አንኳኩቶ መጨረስም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ባለጉዳይ አለማወቁ ያስቆጨኛል፤ ትዕግሥተኛው፣ ጨዋው፣ «ትንሽ ልጠብቅ» የሚለው ሰው ነው ሁልጊዜ በቀን የሚሸነፈው። ዳኛው ይርጋን በራሱ ተነሣሽነት አያነሣም፤ የከተማው ዐቃቤ ሕግ ግን በመልሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንደሚያነሣው አይጠራጠሩ። ያኔ እግርዎ መሰበሩ፣ ጉድጓዱ ክፍት መሆኑ ሳይመረመር መዝገቡ ይዘጋል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚለው አባባል ለዚህ ዓይነቱ ኪሳራ የተባለ ነው። ተከራክረው ቢሸነፉ እንኳ ተሰምተው ነው፤ በይርጋ መውደቅ ግን ሳይሰሙ መውደቅ ነው።

ወደ ባለቤትዎ አባባል ልምጣ። አዎን፣ ከተማ ይከሰሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ አገሪቱ ንጉሠ ነገሥት ነበራት፤ ሕጉም ንጉሠ ነገሥቱ በጥፋት እንዳይከሰሱ በግልጽ ከልክሎ ነበር። በዚያው ሕግ፣ ጥቂት አንቀጾች ቀደም ብሎ ግን፣ መንግሥት ይከሰሳል ተብሎ ተጽፏል። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ኃላፊ እንደሚሆን፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። መንግሥት ከፍሎ ካበቃ በኋላ ወደ ሠራተኛው ዞሮ መጠየቅ የራሱ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ባለቤትዎ የሚጠቅሱት አባባል በንጉሡ ዘመን እንኳ በከፊል ብቻ ነበር እውነት። ዛሬ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ማቅረብ የማንኛውም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በቻርተር የተቋቋመ፣ በስሙ የሚከስና የሚከሰስ የሕግ ሰው ነው።

የሥራ ጥፋትና የግል ጥፋት ልዩነት በእርስዎ ጉዳይ ብዙ አያከራክርም። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ያለ መስሎት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ብሎ የሠራው ጥፋት የሥራ ጥፋት ነው። አንድ ሠራተኛ ለግል ቂሙ ሲል ጉድጓድ ከፍቶ ጠብቆዎት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። የእግረኛ መንገድ ላይ ጉድጓድ ተከፍቶ ያለ አጥርና ያለ ምልክት ሲተው ግን ሥራን በአግባቡ አለመሥራት ነው።

ማንን ልክሰስ ላሉት፣ ሁሉንም ይክሰሱ። ሦስቱም ወደ ሌላው ጣታቸውን የሚቀስሩት እርስዎ አንዱን ብቻ መርጠው እንዲሳሳቱ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ከተማ አስተዳደሩን ለብቻው ቢከስሱ «ሥራውን የሰጠሁት ለነጻ ተቋራጭ ነው፤ ለርሱ ጥፋት አልጠየቅም» የሚል መከራከሪያ ያቀርባል፤ ለዚህም በሕጉ የሚጠቅሰው ድንጋጌ አለው። ተቋራጩን ለብቻው ቢከስሱ ጉድጓዱ የሌላ ነው ይላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 36 ከሳሽ ከማን ካሳ ማግኘት እንደሚገባው ሲጠራጠር ተከሳሾችን አጣምሮ እንዲከስ ይፈቅዳል። በአንድ ክስ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተከሳሽ ብለው ይጥሯቸው፤ እርስ በርስ መጠቋቆሙን በዳኛ ፊት ያድርጉት። ለአንድ ጉዳት ከአንድ በላይ ሰዎች ኃላፊ ሆነው ከተገኙ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2155 መሠረት በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ሙሉውን ካሳ ከአንዱ መቀበል ይችላሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስማቸውን በትክክል መጻፍ ዋጋ አለው። ወረዳው፣ ክፍለ ከተማው፣ የመንገድ ሥራው መሥሪያ ቤት፣ የውኃና ፍሳሹ መሥሪያ ቤት እያንዳንዳቸው በየትኛው አዋጅ እንደተቋቋሙና በራሳቸው ስም መከሰስ ይችሉ እንደሆነ ጠበቃዎ አስቀድሞ ያረጋግጥ። ጉድጓዱ የዝናብ ውኃ መውረጃ ነው ወይስ የቆሻሻ ፍሳሽ መስመር የሚለውም በዓይን ተለይቶ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ፣ ወደ ቦታው ተመልሰው የክዳኑን ዓይነትና በላዩ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ ያንሡ።

ጠበቃዎ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2069ንም በአማራጭ እንዲያነሣ ይጠይቁት። ይህ አንቀጽ ጥፋት መኖሩ ሳይረጋገጥ ኃላፊነት ከሚያስከትሉት አንዱ ነው። ፈንጂ ወይም መርዝ የሚያከማች፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ የመሬትን አቀማመጥ የሚለውጥ ሰው ሌላውን ያልተለመደ አደጋ ላይ ከጣለና ጉዳቱ ከደረሰ ተጠያቂ ነው ይላል፤ አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ቢሆንም፣ ወይም ከባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘ ሰው ቢሆንም። የመንገድ ቁፋሮ «የመሬትን አቀማመጥ መለወጥ» ከሚባለው ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ያስነሣል፤ ዳኛው ሊቀበለውም ላይቀበለውም ይችላል። ማንሣቱ ግን አይጎዳዎትም፤ ከተሳካም የማስረዳቱን ሸክም እጅግ ያቀልልዎታል።

አሁን ወደሚከብደው ልለፍ። ጉዳቱን፣ መጠኑንና ተከሳሾቹን ኃላፊ የሚያደርገውን ነገር የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። የሆስፒታል ካርድዎ፣ የራጅ ውጤቱና ደረሰኞቹ እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግዎ ሰው ነው። ያን ምሽት ከጉድጓዱ ያወጣዎ ማን ነው? አጠገቡ ቡና የምታፈላ ሴት፣ የሱቅ ጎረቤት፣ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር? ጉድጓዱ ከዚያ ቀን በፊት ለስንት ጊዜ ክፍት እንደነበር የሚያውቅ ሰውስ አለ? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ የዚያን ዕለት የተከፈተና ለወር የቆየ ጉድጓድ በዳኛ ፊት እኩል አይመዘኑም።

ይህን አጥብቄ የምጠይቅዎ ፒያሳን ስለማውቃት ነው። ከዚያ ሰፈር ስንቱ ሰው ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። በአንድ ግቢ የኖሩ ጎረቤቶች ዛሬ በተለያዩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተበትነዋል። ቡና የምታፈላውም ስልኳን ቀይራ ሊሆን ይችላል። ምስክር በሰፈር የተሰበሰበ ሀብት ነበር፤ ሰፈሩ ሲነሣ ምስክሩም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ከጠበቃም በፊት፣ በዚህ ሳምንት፣ በዕድሩ ዝርዝር በኩልም ቢሆን ያፈላልጓቸው። ሙሉ ስማቸውንና አሁን የሚኖሩበትን አድራሻ ይያዙ፤ የምስክሮች ስምና አድራሻ ከክስ ማመልከቻው ጋር መያያዝ አለበት። ያን ሰሞን በስልኩ ፎቶ ያነሣ ሰው ካለ ምስሉን በመልእክት እየተቀባበሉ አያበላሹት፤ ቀኑ የሚታየው በመጀመሪያው ስልክ ላይ ስለሆነ ስልኩን ራሱን ያስጠብቁ።

ሲመሰክሩም ሆነ ሲያስመሰክሩ እውነቱን ሳያስውቡ ይናገሩ። ዝናብ ነበር፤ ጨለማ ነበር፤ ይቸኩሉ ነበር። ተከሳሾቹ «ጥንቃቄ አላደረገችም» ማለታቸው አይቀርም፤ ሕጉም የተጎጂው ጥፋት ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ነገር ግን በጎርፍ የተሸፈነ ጉድጓድ ማንም ቢሆን አያየውም። ይህ ለእርስዎ የሚጠቅም እውነት ነው፤ «ዝናብ አልነበረም» ብለው አይደብቁት።

ያ የፈረሙት ወረቀት ያስጨንቀኛል። ምን እንደሚል አልነገሩኝም፤ ቅጂ ካልሰጡዎት ደግሞ እርስዎም በትክክል አያስታውሱት ይሆናል። «ለሕክምና መርጃ 20,000 ብር ተቀብያለሁ» ብቻ የሚል ከሆነ ደረሰኝ ነው፤ ከካሳው ይቀነሳል፣ ያበቃል። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ ግን ተቋራጩ ዕርቅ ተፈጽሟል ብሎ ይከራከርበታል፤ ሕጉ ዕርቅን በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ፍርድ ስለሚቆጥረው ቀላል ነገር አይደለም። በሌሎቹ ተከሳሾች ላይ ያለዎትን መብት ምን ያህል ይነካል የሚለው በወረቀቱ ቃላት ይወሰናል። ቅጂውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ባይሰጡዎትም ፍርድ ቤቱ እንዲያቀርቡት ሊያዝዝ ይችላል። ለጠበቃዎ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፤ ከተቃራኒ ወገን ሰምቶ የሚደነግጥ ጠበቃ አይጠቅምዎትም። አንድ ሰው «ገንዘብ መስጠታቸው ማመናቸው ስለሆነ ይርጋው ተቋርጧል» ቢልዎ ደግሞ በዚያ አይመኩ። መከራከሪያ ሊሆን ይችላል፤ ገና በእጅዎ ያለውን ቀን ግን በመከራከሪያ አይለውጡት።

የወንድምዎን 5 ሚሊዮን በተመለከተ ቅር ቢለውም የማምንበትን ልናገር። በእኛ ሕግ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው፤ መቀጣጫም መበልጸጊያም አይደለም። የሚጠይቁት ያወጡትን የሕክምና ወጪ፣ በስምንቱ ወር ያጡትን ገቢ፣ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠውን ወጪና እግርዎ በዘላቂነት የጎደለው አቅም ካለ እርሱን ነው። ለመጨረሻው የሆስፒታል የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ ማስረጃ መስጠት ስላለበት፣ ጊዜ ስለሚወስድ ከአሁኑ ያመልክቱ።

ለሥቃዩ፣ ሌሊቱን በሕመም ላደሩበት፣ ልጆችዎ ውኃ እየቀዱ ላስታመሙዎት ወራት የሚሰጠው የሞራል ካሳ ስንት መሰለዎት? አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከስድሳ ዓመት በላይ ይህ ቁጥር ሳይሻሻል መቆየቱ ያሳፍራል፤ ሕግ አውጪዎቻችን አዳዲስ አዋጆችን በየዓመቱ ሲያጸድቁ ይህችን አንዲት መስመር ለማረም ጊዜ ማጣታቸው ከልቤ ያሳዝነኛል። እስከዚያው ግን ክስዎን በሞራል ካሳ ላይ አይገንቡት።

የገቢ ማስረጃው እርስዎን ሊፈትንዎት ይችላል። ተከሳሾቹ የግብር ደረሰኝዎን ያወጣሉ፤ ለግብር ያሳወቁት ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ በዚያው ይይዙዎታል። ያም ሆኖ የትእዛዝ ደብተርዎን፣ ቀሚስ ያስጠለፉ ደንበኞችዎን፣ ክር የገዙበትን ደረሰኝ ያቅርቡ። መጠኑን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በኅሊናው ሚዛን፣ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። በርትዕ የሚወስን ዳኛም ቢሆን የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

የጠየቁትን ገንዘብ የማያስረዱ ከሆነ ማጋነኑ ኪስዎን ነው የሚጎዳው፤ የዳኝነት ክፍያ የሚታሰበው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ነው። ለመክፈል አቅም ከሌለዎት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ፤ ፍርድ ቤቱ አቅምዎን አጣርቶ ይወስናል። ነጻ የሕግ ድጋፍ ለማግኘት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትንና የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ይጠይቁ። ከተሸነፉ የተከሳሾችን ወጪና ኪሳራ እንዲከፍሉ ሊታዘዙ እንደሚችሉም ይወቁ፤ ይህን ደብቄ ክሰሱ ማለት አይገባኝም።

ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት እንደ ቀበሌ ቤትና ከማስተር ፕላን ጋር የተያያዘ ይዞታ ያሉ በሕግ የተዘረዘሩ ጉዳዮችን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የገንዘብ መጠኑ ከ10 ሚሊዮን ብር የማይበልጥ የፌዴራል ክስ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ይታያል። ልደታ ካለው ሬጅስትራር የትኛው ምድብ ችሎት እንደሚመለከትዎ ይጠይቁ። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ለሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች አክብሮት አለኝ፤ ሦስት ተከሳሽ ያለበትን እንዲህ ያለ ክስ ግን ጠበቃ ይጻፈው። ተከሳሾቹ መልስ ሲሰጡ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሊመራ ይችላል። ሲመራ ይሂዱ። ከደረሰኞችዎ ድምር በታች በሆነ ስምምነት ላይ ግን አይፈርሙ፤ አንድ ጊዜ ሳያነቡ ፈርመዋል፤ ሁለተኛ አይድገሙት። ፍርዱ ቢሰጥም ገንዘቡ በማግስቱ ኪስዎ አይገባም፤ ይግባኝ አለ፣ የአፈጻጸም መዝገብ አለ፣ የበጀት ሰበብ አለ። ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

የባለቤትዎን ፍርሃት አልንቀውም። በቀበሌ ቤት የሚኖር ቤተሰብ የሚፈራው ነገር አለው። ቢሆንም ክስ ጠብ አይደለም፤ የከተማው ዐቃቤ ሕግ በየቀኑ ተከሶ መልስ መስጠት ሥራው ነው፤ እርስዎንም ከመዝገብ ቁጥር በቀር አያውቅዎትም። የቤት ኪራዩን በወቅቱ ይክፈሉ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ የንግድ ፈቃድዎን ሳያስተጓጉሉ ያድሱ። ማንም ሠራተኛ «ክሱን ካላነሣሽ» የሚል ቃል ቢናገርዎ ቀኑንና ስሙን ይመዝግቡ፤ ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤት ይበሉ። ባለቤትዎ እንዲደግፉዎት ከፈለጉ ደግሞ ጠበቃው ዘንድ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ከሰው አፍ ሲሰሙ የፈሩት ነገር ከጠበቃ አፍ ሲሰሙት ይቀልላቸው ይሆናል።

ብረቱን የማስወጣት ቀጠሮዎን ለካሳው ብለው ማቆየትዎን ግን ዛሬውኑ ይተዉ። ሐኪሙ ይውጣ ካለ ይውጣ። ተጎጂ ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን የማድረግ ግዴታ አለበት፤ እግርዎ በመዘግየቱ ቢበላሽ «ራሷ ናት ያባባሰችው» ብለው ይከራከሩበታል። ወጪው ወደፊት የሚጠየቅ ካሳ አካል ስለሆነ ክሱ ከመቅረቡ በፊት ቢያወጡት በደረሰኝ፣ ባያወጡት ደግሞ በሐኪሙ የዋጋ ግምት ይካተታል። ሆስፒታል ሲሄዱ የቦርዱን ማመልከቻም አብረው ይዘው ይሂዱ።